ወንድ የነካው እንዶድ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ አንድ ገበያ በሚውሉበት አገር፣ እሜት ቀበሮ እንዶድ እየወቀጠች ትሸጥ ነበር። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውን ስላየች እነሱን ማባበያ ወሬ ፈጠረች። «እንዶዴ የእመቤት እጅ ያውቃል! ወንድ ከነካው አረፋ አይሰጥም!» እያለች ስትለፍፍ ትውላለች። ሲደጋገም ሁሉም አመነ። ወንዶቹማ ደስ ብሏቸው አመኑ፤ ከሥራ የሚገላግል ወሬ ማን ይጠላል?

በዚያ ሰሞን የአያ አህያ ሚስት በማለዳ ወለደች። የተኛችበት ቡልኮ በደም ርሷል። አያ ጅቦ ደግሞ የሚኖረው ከማዶ ነው፤ የደም ሽታ ተከትሎ ከመጣ አራሷንም ውርንጭላዋንም አይምርም። አህያው ጊዜ ሳያጠፋ ገበያ ወርዶ ለቡልኮው ማጠቢያ እንዶድ እንድትሰጠው ቀበሮን ጠየቃት።

ቀበሮ ከት ብላ ሳቀች። አራሷ እስክትነሳ እንዲጠብቅ መከረችው።

«ጅቡስ እስክትነሳ ይጠብቅልኛል?» አላት።

ገበያተኛው ተንጫጫ። በሬው እንኳ ለአቅሙ፣ «ሚስትህ ቀሚሷንም ታውስህ!» እያለ ተሳለቀበት። አህያው ሰምቶ እንዳልሰማ እንዶዱን ገዝቶ ወንዝ ወረደ። ቡልኮውን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ፣ እንዶዱን ነስንሶ፣ በአራት ኮቴው ይረግጠው ጀመር። አረፋው ጉልበቱ ድረስ ደረሰ! አህያን ሞኝ የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ያ ሁሉ ሲስቅበት አንገቱን ሳይደፋ ማጠቡን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ቡልኮውን ደጁ ላይ አሰጣ፤ ቤቱንም ጠራርጎ ምናልባት ጅቡ ቢመጣ በርግጫ ሊቀበለው ከበሩ ኋላ ቆመ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ መጣ። ጠዋት የደም ሽታ ነፋስ አምጥቶለት ነበር፤ አሁን ግን አፍንጫው የሚያገኘው እንዶድ ብቻ ነው። የተሰጣውን ቡልኮ አየና ሊያስብ ሞከረ።

«ወንድ የነካው እንዶድ አረፋ አይሰጥም ተብሏል። እንግዲህ ያጠበችው ሴቲቱ ናት። ወንዝ ወርዳ የምታጥብ ደግሞ አራስ አይደለችም፤ በርግጫ ጥርሴን ታረግፈዋለች» አለና ባዶ ሆዱን ይዞ ተመለሰ።

አህያው ይህን ሁሉ ከበሩ ኋላ ሰማ። እፎይ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ተባረክ፣ ክፉ አይይህ» አለችው፤ ውርንጭላዋ ጡት ይዛለች።

ወሬው ገበያ ሲደርስ ቀበሮ ወዲያው ልፈፋዋን ገለበጠች። «የጀግና ወንዶች እንዶድ! ሴት ካልነካችው ያነጣል!» አለች። ያ ሲሳለቅ የነበረው በሬ ሊገዛ ቀድሞ ቆመ። አህያውም ጠጋ ብሎ «እሜት ቀበሮ፣ ለቆሸሸ ልብስ ነው በይና ሽጪ» አላት።

ከዚህ የምንማረው ነጋዴ ዕቃውን እንዲሸጥልን እንጂ የቤታችንን ሥራ ለወንድና ለሴት እንዲያከፋፍልልን እንዳልቀጠርነው ነው።