የእትዬ የሻረግ ትንኞች

በአንድ ወቅት በአንዲት ትንሽ ከተማ ወይዘሮ የሻረግ የሚባሉ ሴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው አቶ ቢያድግልኝ ጠጅ በመጣል የታወቁ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ወደዚያ ቤት ሰው የሚገባው በዓመት አንድ ቀን፣ የሚካኤል ማኅበር ተራ ሲደርስ ብቻ ሆነ።

ቤቱን ግን ትንኝ ወረረው። ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ሰው ሲናገር አፉ ውስጥ ይገባል። ባለፈው ታኅሣሥ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ትንኙ በየብርሌው ሰጠመ።

«እትዬ የሻረግ» አለ አንዱ፣ ብርሌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ «በነቢያት ጾም ሥጋ ሊያበሉን ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። እንግዶቹ ግን በጊዜ ተነሥተው ሄዱ።

ዘንድሮ ተራቸው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ መጡ። ከደጃፍ አላለፉም።

«የሻረግ፣ ቤቱ ካልጸዳ ጽዋውን ለሌላ እንስጠው። አይክፋሽ።»

በማግሥቱ እትዬ የሻረግ የባላቸውን የወንድም ልጆች ጠሩ። ሦስቱም በዚያው ከተማ በየፊናቸው ክፍል ተከራይተው፣ ብቻቸውን በልተው ብቻቸውን የሚተኙ ነበሩ።

«ከጓዳው አጠገብ ያለችው ክፍል ባዶ ናት» አሏቸው። «የምትበቃው ለአንድ አልጋ ነው። ትንኙን ከቤቴ ያስወጣልኝ ከእኔ ጋር ይኑር። ራት አቅርቤ የምጠብቀው ሰው አማረኝ።»

ትልቁ ማንደፍሮ ዝምተኛ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ጓዳ ገብቶ ሲፈልግ ከእህል ጆንያው ጀርባ አፉ በነጠላ የታሰረ ጋን አገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

እትዬ የሻረግ እንደ ልጅ አፈሩ። «አጎትህ የጣለው ነው። የመጨረሻው። እንዳይኮመጥጥ በየወሩ ማር እጨምርበታለሁ።»

ማንደፍሮ ከነጠላው ሥር ትንኙ ሲነሣ አየ። ነገሩ ገባው። ጆንያውን ግን ወደ ቦታው መለሰ፤ ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ አጠገባቸው ይቀመጥና በጭራ ትንኙን ከፊታቸው ያባርራል። «አጎቴ ጌሾውን ስንት ቀን ነበር የሚያቆየው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸው ያወራሉ፤ ይመሻል። ትንኙ አልቀነሰም። እትዬ የሻረግ ግን ስለ ትንኝ ማንሣት ተዉ።

መካከለኛው ዘለቀ አናጢ ነው፤ ወሬም ሥራም ይችላል። በማኅበሩ ዕለት ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ መስኮቱን ዘጋና እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጨሰ። ዓይኑ በርበሬ እስኪመስል ከውስጥ አልወጣም።

«እትዬ፣ ዛሬ ሳያንኳኳ የሚገባ ትንኝ የለም!» አለ፣ እያሳለ።

ማኅበርተኛው መጣ። ጠጣ፣ ዘመረ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ተጫወተ። ሙሴው ሲመርቁ «ይህ ቤት ሰው አይጉደልበት» አሉ፤ እትዬ የሻረግ ከሰው ሁሉ ጮክ ብለው አሜን አሉ። በሦስተኛው ቀን ትንኙ ተመለሰ።

ትንሿ ባንቻምላክ ናት። በተከታዩ እሑድ እትዬ የሻረግ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ገብታ ጋኑን አገኘች። ማን እንደጣለው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የአጎቷ ጋን ነው። ጎትታ አወጣችውና ጠጁን ቦይ ውስጥ ደፋችው። ጋኑን በአመድ ስታጥብ ታለቅስ እንደነበር ጎረቤት አይቷል።

እትዬ የሻረግ ሲመለሱ ጋኑ ፀሐይ ላይ ተደፍቷል።

«ምን አደረግሽ?»

«የሚፈለፈለው ከዚህ ነበር፣ እትዬ። እርስዎ እንደማይደፉት ስለማውቅ ነው።»

እውነትም አንድ ትንኝ አልተመለሰም። እትዬ የሻረግ አልተቆጡም፤ ለሁለት ቀን ግን ከባዶው ጋን አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱም መጡ።

«ጽዋው ከዚህ ቤት ያልወጣው በእኔ ነው» አለ ዘለቀ። «ያ ቀን ቢያመልጥ ማን ይመልሰው ነበር?»

«ቃሉ ትንኙን ማስወጣት ነበር» አለች ባንቻምላክ። «አስወጣሁ። ቢጠሉኝም አስወጣሁ።»

ማንደፍሮ መሬት መሬት አየ። «ጋኑን አይቼው ነበር፤ እኔ ያስወጣሁት ነገር የለም» አለ።

«አውቀህ ዝም አልክ!» ብላ ጮኸችበት ባንቻምላክ። «ያን ሁሉ ቀን ከትንኝ ጋር አስቀመጥካቸው!»

«አዎ» አለ።

እትዬ የሻረግ ተራ በተራ አዩአቸው። ክፍሏን ግን ለማንም ሳይሰጡ ቀሩ። ያን ምሽት ሦስቱም ወደ ሦስት ክፍላቸው ሄዱ፤ እሳቸውም ትንኝ በሌለበት ቤት ራታቸውን ለብቻቸው አቀረቡ።

እኔ መፍረድ አልቻልኩም። እናንተ ብትሆኑ ያችን ክፍል ለማን ትሰጧት ነበር?