የኮሎኔሉ አዲስ የይለፍ ቃል

ጡረታ የወጡት ኮሎኔል መንበሩ፣ ተከራያቸው በዋይፋያቸው እንዳትጠቀም ብለው የይለፍ ቃሉን አስቀየሩ። በዚያው ቀን ከአማቻቸው ጋር ኳስ የሚጋጠሙበት የጌም ማሽን ከኢንተርኔት ጋር አልገናኝ አለ። ኮሎኔሉ ማሽኑን ከመጫወት በቀር አያውቁትም፤ ተከራይዋን አስጠሩ።

«ተናደሽ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። ዛሬውኑ ካልሠራ ቤቴን ትለቂያለሽ።»

ተከራይዋ ማሽኑን ከፍታ አየችው። «አልተበላሸም ጋሼ። የድሮውን የይለፍ ቃል ይዞ እንደኔው ውጭ ቀርቷል።»

«ታዲያ አስገቢዋ።»

«አዲሱን ይንገሩኝና ላስገባው።»

«ላንቺማ አልነግርም። የቀየርኩት ባንቺ ምክንያት አይደል?»

«እንግዲያው ለራሱ በጆሮው ይንገሩት» አለች ተከራይዋ፤ «አልሰማ ካለም ቤቱን የሚለቀው እሱ ነው።»