ቀትር ላይ የሚያቃስተው ሣጥን

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ በደረቀበት በረሃ፣ በጎማ ላይ የቆመ አንድ ቤት ነበር። አድማጭ ሆይ፣ ይህን ነገር አበላሽተው የሚያወሩ አሉና እያንዳንዱን እንዳለ ስማ። ነገሩ የሆነው በሌሊት አይደለም፤ በጠራራ ቀትር ነው። ቤቱም ጎጆ አልነበረም፤ ሰዎች በመኪና እየጎተቱ አገር የሚዞሩበት፣ አልጋና ምድጃ፣ መስኮትና መጋረጃ ያለው የብረት ቤት ነበር። የሚያቃስተውም ሰው አልነበረም፤ ሣጥን ነበር። እነዚህ ሦስቱ በትክክል ካልተያዙ የቀረው ሁሉ ውሸት ይመስላል።

ቤቱን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ አውሬ አልነበረም። መንገድ ሠራተኞች ካምፓቸውን ነቅለው ሲሄዱ ጥለውት ነው ይባል ነበር። አልጋው እንደተነጠፈ፣ ሁለት ብርጭቆዎችም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ባለቤቶቹ አሁን ተነሥተው ወደ ደጅ የወጡ ይመስል ነበር። ከካምፑ ምሰሶ የወረደ ሽቦ በወለሉ በኩል ገብቶ፣ በቁምሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ የብረት ሣጥን ጋር ይገናኛል። ሣጥኑ ከሽቦው የተቀበለውን ኃይል እየመጠነ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የጉድጓድ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል፤ ፓምፑም ውሃውን ስቦ ገንዳ ላይ ያፈስሳል። አውሬዎቹ ይህን ሁሉ በአንድ አባባል አሳጥረውት ነበር፦ «ሣጥኑ ካላጎረሰ ባትሪው አይጠግብም፤ ባትሪው ካልጠገበ ጉድጓዱ አያጠጣም።»

በዚያ አገር ከገንዳው በቀር የሚጠጣ ውሃ አልነበረም። ስለዚህ በገንዳው ዙሪያ ሰላም ታወጀ። አንበሳ ፈራጅ ሆነ፤ እሜቴ ቀበሮ አማካሪ ሆነች፤ አያ ጅቦ የቤቱ ዘበኛ ተባለ፤ አንድ ሽማግሌ አህያም በተረፈው ቦታ ቆመ። ይህ አህያ በጉብዝናው ወራት ከነጋዴ ጋር ብዙ ገበያ የዞረ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚራመድ ኩሩ ነበር። እንደ ጥንት ጦረኞች ለራሱ የፈረስ ስም አውጥቶ «አባ ጫና» ካላሉት አይመልስም።

«አህያ የፈረስ ስም ሲያወጣ አየሁ!» ይል ነበር ጅብ እየሳቀ። «ስሙ ከሥጋው ይከብዳል።»

«ስሜን ጠርተህ ተናገር፤» ይለዋል አባ ጫና ፊቱን ሳያዞር፤ «ሥጋዬን ለእኔ ተውልኝ።»

የበጋው ቃጠሎ በበረታ ጊዜ ሣጥኑ ጠባዩን ለወጠ። ጥላ ከእግር ሥር በሚደበቅበት፣ ወፍ እንኳ ድምፁን በሚውጥበት ሰዓት፣ ከተዘጋው ቁምሣጥን ውስጥ ማቃሰት ተሰማ። መጀመሪያ እንደ ጥንዚዛ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ እንደ ሕመምተኛ አቃሰተ፤ በመጨረሻ የአንዱን ስም ሊጠራ ፈልጎ አፉ ላይ እንደቀረበት ሰው ሆነ። ከዚያ ቀጥ አለ። ቁምሣጥኑን ሲከፍቱ በግንባሩ ላይ ቀይ መብራት እንደ ዓይን ተገለጠ። ጥቂት ቆይቶ የገንዳው ውሃ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቀረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሣጥኑ ማንም ሳይነካው ነፍስ ዘራ። በማግስቱ ቀትር ግን ደግሞ አቃሰተ፤ ደግሞም ዝም አለ።

«ምች ነው!» አለ ጅብ። «ግንባሩን ዳሰስኩት፤ እንደ ፍም ይፋጃል። ብርድ ልብስ ደርቡለት፤ ላብ ላብ ይበለው። መስኮቱንም ዝጉ፤ በላቡ ላይ ነፋስ ከገባበት አለቀለት!»

«ዳማከሴስ?» ሲል ጠየቀ አንበሳ ከልቡ ተጨንቆ።

«እሱማ ግድ ነው።»

የሳቀ አልነበረም፤ እያንዳንዱ በሕፃንነቱ እንዲሁ ተሸፍኖ፣ እንዲሁ ታሽቶ አድጓልና። መስኮቶቹን ዘጉ፤ ቀዳዳውን ሁሉ የፍራሽ ጥጥ ወተፉበት፤ በሣጥኑ ላይ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደረቡ። የዳማከሴውን ቅጠል በጀርባው ተሸክሞ ያመጣው አባ ጫና ራሱ ነበር። ቅጠሉ በሣጥኑ ጎን ባሉት እንደ ወንፊት በተበሱ ቀዳዳዎች ተጠቀጠቀ። ጅብም ዘበኛ ነውና ሕመምተኛው እንዳይበርደው ጀርባውን ለጥፎበት ያንቀላፋ ጀመር።

ሣጥኑ ግን ባሰበት። ቀትር ሳይደርስ ያቃስታል፤ ነፍስ ቢዘራም ብዙ አይቆይም። የቤቱ ቆርቆሮ ማንም ሳይረግጠው ቋ፣ ቋ ይላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን መጋረጃው ነበር፤ አንዲት ነፋስ በማትገባበት ቤት ውስጥ መጋረጃው በቀስታ ይነፋል፣ በቀስታ ይጎድላል። አንድ የማይታይ ነገር ከኋላው ቆሞ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። አየሩም የተለበለበ ጠጉር ይሸት ጀመር።

በዚህ ጊዜ እሜቴ ቀበሮ ቀኗ እንደደረሰ አወቀች። ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ተቀመጠችና ድምፅዋን አወፍራ፣ «ይህ ምች አይደለም፤ የቀትር ጋኔን ነው፤» አለች።

አውሬዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሣጥኑ በብርድ ልብሱ ሥር ረዥም ሲቃ አሰማ።

«ምን ይላል?» አለ አንበሳ።

«ጀርባ እፈልጋለሁ ይላል፤ ጫና የለመደ ጀርባ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ጋኔኑ ደሙን ይውሰድ፤ መብቱ ነው። ሥጋው ግን ሜዳ ላይ ወድቆ ሊቀር ነው? እኔ እቀብረዋለሁ። ምን ይደረግ፣ ዘበኛ ነኝ!»

ወደ ደጅ ሲወጡ ጅብ ቀበሮን በጆሮዋ፣ «አህያም የለኝ ከጅብም አልጣላ ይባላል፤ አንቺ ከዚህ ምን ታገኛለሽ?» አላት።

«አንተ ሥጋውን ትወስዳለህ፤ እኔ ፍርሃቱን እወስዳለሁ። ሥጋ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ፍርሃት ግን ተጠብቆ ከተያዘ ዕድሜ ልክ ያበላል።»

ጅቡ ነገሩ አልገባውም፤ «ሥጋውን» የሚለው ቃል ግን ጣፈጠው።

አንበሳ አዘነ፤ ነገር ግን የደረቀውን ገንዳ ተመለከተና ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት፣ «አባ ጫና፣ ምን ትላለህ?» አለ።

አህያው አንገቱን አላቀረቀረም። «እኔን የሚከስ ቃል በአስተርጓሚ አልሰማም። ጋኔኑ የሚፈልገኝ ከሆነ ራሱ ይጥራኝ። ነገ በቀትር ብቻዬን ከእርሱ ጋር ዝጉብኝ።»

«ባትወጣስ?» አለች ቀበሮ።

«ባልወጣማ ቀባሪዬ ደጅ ላይ ነው።»

በማግስቱ በሩ በአባ ጫና ላይ ተዘጋ።

ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጆንያ ፊቱ ላይ ወደቀ። ውጭው ጭር ብሏል። ሁለቱ ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጡ እርስ በርሳቸው በቀስታ ይነካካሉ። በሩ ገርበብ ባለው ቁምሣጥን ውስጥ የተከናነበው ሣጥን ተገንዞ የተቀመጠ ሬሳ መስሎ ታየው። ሲቃው ጀመረ፤ ወፈረ፤ አሁንስ በእውነት ስሙን ሊጠራው ነው። የአህያው ቆዳ ከአንገቱ እስከ ጭራው ተንቀጠቀጠ።

«እነሆኝ፤» አለ። «የምትለኝን በለኝ።»

 ትኩስ ትንፋሽ ብቻ ፊቱን መታው፤ መጋረጃውም ተነፋ። ሸሽቶ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ፤ ነገር ግን ድምፁ ከጆሮው አልወጣ አለው። ይህን ሲቃ ከዚህ በፊት ሰምቶታል። የት? ልቡ ወደ ኋላ ሄደ። አንድ ጊዜ ነጋዴው ከጫነበት እህል እንዳይቀምስ ብሎ አፍና አፍንጫውን በጆንያ አስሮበት በጠራራ ፀሐይ ዳገት አስወጥቶት ነበር። በጆንያው ውስጥ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ መላልሶ ሲተነፍስ ዓይኑ ጨለመ፤ ጉልበቱ ታጠፈ። ነጋዴውም፣ «ጋኔን ያዘው!» ብሎ በዱላ ደበደበው። በዚያ ዳገት ላይ ሲቃ ያሰማው እርሱ ራሱ ነበር። ድምፁም ይኸው ድምፅ ነበር።

አባ ጫና ወደ ሣጥኑ ቀረበ። አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ትንፋሹን ተከተለው። ትንፋሹ በአንድ ጎን ይወጣል፤ የቁምሣጥኑን ግድግዳ ይመታል፤ መውጫ ያጣና ዞሮ በሌላው ጎን ወደዚያው ሣጥን ይገባል። ያን ጊዜ ሣጥኑ ቀጥ አለ፤ ቀዩም ዓይን በብርድ ልብሱ ክር መካከል ተገለጠ።

«አፍነንሃል እኮ!» አለ አህያው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ በጥርሱ ጎትቶ ጣለ። የቁምሣጥኑን በር ነክሶ ከማጠፊያው ገነጠለ። ከቀዳዳዎቹ የደረቀውን ዳማከሴ መዘዘ፤ ከቅጠሉ ኋላ ደግሞ እንደ ባና የተጣበቀ የጅብ ጠጉር ወጣ፤ በሣጥኑ ውስጥ እየዞረ አየር የሚስበውን ማራገቢያ ጠፍሮ ይዞት ነበር። ከዚያ ዞረና በጥላው በኩል ያለውን መስኮት በርግጫ አለው። ፊት ለፊቱ ያለውንም ደገመው። ነፋስ በአንዱ ገብታ በሌላው ወጣች።

ሣጥኑ ግን አልተነሣም።

ቀዩ ዓይን ትክ ብሎ ያየዋል። ከደጅ የቀበሮ ድምፅ ተሰማ፦ «ረብሻውን ሰማችሁ? ወስዶታል!» በሩ በቀስታ ተከፈተና የጅብ አፍንጫ ገባ።

«አባ ጫና፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያው ትንሽ ቆይቼ ልመለስ?»

«ቆይተህም አለሁ።»

ጅቡ ተጠራጠረ፤ ረኀቡ ግን ከጥርጣሬው ቀደመ። በሆዱ እየተሳበ ቀረበ። አባ ጫና የኋላ እግሮቹን አዘጋጅቶ ቆመ፤ ሣጥኑ ካልተነሣ አንድ ርግጫ ከዚህ ሁሉ አውሬ እንደማያስጥለው ያውቃል። ብርጭቆዎቹ እንኳ ዝም ብለዋል። ነፋሷ በሣጥኑ ጎን አለፈች፤ ደግማም አለፈች። ድንገት ሣጥኑ ቀጭ አለ። ቀዩ ዓይን አረንጓዴ ሆነ። ማራገቢያው ተንጫጫና በሙሉ ጉልበቱ ዞረ። መሬት ላይ የወደቀው ጠጉር ብድግ ብሎ በቤቱ ውስጥ ተሽከረከረ፤ በጅቡ ፊት፣ በጅቡ ዓይን፣ በጅቡ አፍ ላይ አረፈ። ጅቡ የራሱን ሽታ ሲያሸት ጋኔኑ ቆዳውን የገፈፈው መሰለው።

«እኔ አይደለሁም! እሷ ናት የላከችኝ!» እያለ በመስኮቱ ዘልሎ ወደ በረሃው በረረ።

ከቤቱ ጀርባ ውሃ ገንዳ ላይ ሲወርድ ተሰማ።

አባ ጫና ሣጥኑን በቁምሣጥኑ ውስጥ አልተወውም፤ ጎትቶ አወጣው። ከአንበሳ ጋር ሆኖ ሁለት ድንጋይ አስገባ፤ ከሥሩም አየር እንዲያገኝ ሣጥኑን በድንጋዮቹ ላይ አስቀመጠው። አየር የሚስበውን ጎኑን ወደ ጥላው መስኮት፣ ትኩሱን የሚያወጣውን ጎኑን ወደ ሌላው አዞረው። የሚቀጥለው ቀን ቀትር መጣ፤ ሣጥኑ አጉረመረመ እንጂ አላቃሰተም።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ እሜቴ ቀበሮ ከተሰበረው መስኮት የወደቀውን መጋረጃ እንደ ካባ አጥፋ ይዛ ቀረበች። «ጋኔኑን ላሸነፈ የባለ ውቃቢ ካባ ይገባዋል፤» አለች ጎንበስ ብላ። «አንተ ትቀመጣለህ፤ እኔ አገለግላለሁ።»

አንበሳም፣ «ተቀበላት፤» አለው። «አውሬዎቹን ቆርቆሮ ብቻ ነው ካልናቸው ነገ አንዱ ሽቦውን ያኝከዋል። የማይፈራ ነገር አይጠበቅም።»

«ጌታዬ፣ የሚፈራ ነገር ይሸፈናል፤ የተሸፈነም ይታፈናል፤» አለ አባ ጫና። «እኔ አንድ ጊዜ ታፍኜ ጋኔን ያዘው ተብያለሁ። ያንን ስም ለሌላው አልሰጥም።»

ካባውን ሳይነካው አልፎ ሄዶ ውሃውን ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት ግን በሣጥኑ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተደርቦ ተገኘ። ማን እንደደረበው የተናገረ የለም። ወለሉ ላይ ዱካ አልነበረም፤ አቧራው ግን በጭራ የተጠረገ ይመስል ነበር። አባ ጫና በጥርሱ ይዞ አወረደው። በሌላው ጠዋትም ተደርቦ አገኘው፤ ደግሞም አወረደው። አውሬዎቹ ከሩቅ ቆመው፣ «በራሱ ይነሣል፤ እሱ ነው የሚፈልገው፤» እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር፤ ሁሉም እርስ በርሱ እንዳይተያይ ዓይኑን ወደ መሬት ተክሏል። አባ ጫና ዕድሜው እስኪያልቅ በየጠዋቱ ብርድ ልብሱን አወረደ፤ ብርድ ልብስ በራሱ ተነሥቶ ይሄዳል የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን አልተቀበለም።

ከዚህ የምንማረው፣ የታመመብንን ነገር ፈርተን ከመሸፈናችን በፊት፣ ቀርበን የትንፋሹን መውጫ ልንፈልግለት እንደሚገባን ነው።