ስንዝር ለምታክል ባቡር አየር ፍለጋ

እስኪ ጠጋ በሉ፤ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ልንገራችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ትንንሽ ባቡርና መኪና አምሳያ የሚሠራ ይድነቃቸው የሚባል ሰው ነበር። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሮማንወርቅን ማግባት። እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ላከ።

አባቷ አቶ በላቸው ሠላሳ ዓመት ባቡር የነዱ ናቸው። ባቡራቸው ከቆመች ወዲህ ፊታቸው ፈክቶ አያውቅም። "ያ ልጅ ባቡሬን በስንዝር ሠርቷታል አሉ። ዛሬውኑ ቀለሟን ለብሳ ትምጣልኝ። የብሩሽ መስመር ካየሁባት ልጄን አልሰጥም፤ ነገ ደግሞ እሷኑ የሚጠይቁ የሐረሩ መምህር ሽማግሌዎች ይመጣሉ" አሉ።

ሽማግሌዎቹም በወጉ፣ "ካልተሰጠን አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። እንግዳ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነውና አቶ በላቸውም በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቆሙ።

ይድነቃቸው ይህን ሲሰማ እቤቱ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነውን ቀለም መርጫውን አነሣ። መርጫው፣ "ያለ አየር አልረጭም" አለ። በብስክሌት መንፊያ ቢሞክር ቀለሙ ትፍ ትፍ አለበት። የፍሪጅ ሞተር ሊያገናኝ ሲል መብራት ሄደ። "ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳይቆራረጥ የሚነፍስ የጎማ አየር ነው" ብሎ አሮጌ ጎማ ጎትቶ አወጣ። ጎማው ግን፣ "ሆዴ ባዶ ነው፤ መጀመሪያ ጎሚስታው ይንፋኝ" አለ።

ጎማውን እያንከባለለ ወደ ጎሚስታው ሻፊ በረረ። "ሻፊ ወንድሜ፣ ጎማው ካልተነፋ መርጫው አይረጭም፤ መርጫው ካልረጨ ባቡሯ አትቀባም፤ ባቡሯ ካልተቀባች አቶ በላቸው አይሰጡም።"

ሻፊ ሳቀ። "በነዳጅ የሚሠራ ኮምፕሬሰር አለኝ። ግን በሬን ይሄ የጭነት መኪና ዘግቶታል። ባለቤቱ ጋሽ ዘውገ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ሽምግልና ሄደዋል።"

ይድነቃቸው ክው አለ። ጋሽ ዘውገን የላካቸው ራሱ ነው።

እየሮጠ ሄዶ በአቶ በላቸው መስኮት አንገቱን አስገባ። "ጋሽ ዘውገ፣ መኪናው ካልተነሣ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ መርጫው አይረጭም፤ መርጫው ካልረጨ ባቡሯ አትቀባም፤ ባቡሯ ካልተቀባች አቶ በላቸው አይሰጡም።"

"አቶ በላቸው ካልሰጡ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም" አሉ ጋሽ ዘውገ። "ሽማግሌ ሳይሰጠው ከወጣ ነገሩ ፈረሰ ማለት ነው፣ ልጄ።"

"ቁልፉን ይወርውሩልኛ።"

"አንተ መንዳት መቼ ተማርክ?"

እንግዲህ ጉድ በሉ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው። ይድነቃቸው ሮማን ልታመልጠው መሆኑን አስቦ ሆዱ ባባ፤ ደግሞም ሁሉም እንደ ምሰሶ ተገትረው ሲያያቸው ሳቁ መጣበት።

ይህን ጊዜ ሮማን ከጓዳ ወጣች። "ይቅርታ፣ ጋሽ ዘውገ" ብላ ቁልፉን ከኪሳቸው መዘዘች።

"ወዴት ነው?" አሉ አባቷ።

"መንዳት ያስተማርከኝ ለዛሬ ነው፣ አባዬ" ብላ ወጣች።

ከዚያማ ምን ቀረ? ሮማን መኪናውን አነሣች፤ መኪናው ሲነሣ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ጎማው ተነፋ፤ ጎማው ሲነፋ መርጫው ሽው አለ፤ መርጫው ሽው ሲል ባቡሯ ቀይ ቀሚሷን ለበሰች። ሁለቱ እርጥቧን በሳህን ይዘዋት ሮጡ።

አቶ በላቸው ከዐይናቸው ሥር አስጠግተው መስመር ፈለጉ። የለም። በመስኮቷ አጮልቀው የነጂውን ወንበር ሲያዩ እንባቸው መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። ሊሰጡ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ለመሆኑ አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?"

"መኪናውን ለማን ብዬ ያነሣሁት መሰለህ፣ አባዬ?"

"እንግዲያው ሰጥቻለሁ" አሉ፤ ከሽማግሌዎቹም ቀድመው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።