በሳምንት አንዴ የሚወርደው እንግዳ

ወደ አራዊት ማቆያችን ከባሕር ማዶ ጫካ አዲስ እንስሳ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያንቀላፋ! እኔ የጽዳቷ ሴትዮም ይኼን የሚያህል ገላ ይዤ፣ መጥረጊያዬን ተደግፌ ከሥሩ አንኮራፋለሁ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደግፌ እንግዶች አስከትለው ደረሱብኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከዚህ አውሬ በምን ትሻያለሽ? አሁኑኑ ካልነገርሽኝ ነገ ሥራ እንዳትገቢ!»

እንግዶቹ ሳቁ። እኔም እውነት ነውና አብሬ ሳቅሁ።

«ኧረ ጌታዬ፣ በምንም አልሻልም! በመልክ ይበልጠኛል፤ በሩጫም ይቀድመኛል። ደግሞ እሱ በሳምንት አንድ ቀን ወገቡን ሊሞክር ከዛፉ ይወርዳል፤ የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። እርስዎን ግን ከፎቅዎ ወርደው ሳይዎት፣ ከተቀጠርኩ ዛሬ ገና የመጀመሪያዬ ነው!»

በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ አንኮራፋሁም።