ያልተገኘው ምክር

አንዲት ጡረታ የወጡ የሕፃናት ነርስ ነበሩ። ሲስተር አጸደ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በታመሙ ልጆች አልጋ አጠገብ ስለሆነ፣ ሥራ ካቆሙም በኋላ እናቶች ገበያ ላይ እያስቆሙ ይጠይቋቸው ነበር። ለአንዷ የነገሩትን ለሌላዋ መድገም ሲበዛባቸው የሚያውቁትን ሁሉ ለመጻፍ ቆረጡ። የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆነው ጎረቤታቸው እንዳልክም ድረ ገጽ ከፈተላቸው።

ሲስተር ከልጅ መወለድ ጀምረው ጻፉ። ስለ እትብት፣ ስለ ጡት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ቃጠሎ፣ አንዱን ከሌላው ጋር እንደ ሹሩባ እየጎነጎኑ ሄዱ። ገጹ ረዘመ። እንዳልክ አንድ ቀን ሊጠይቃቸው ገብቶ ሳለ እንዲህ አላቸው፦

«እትዬ፣ ጽሑፉ በዝቷል። መፈለጊያ እናስገባለት። ሰው የሚፈልገውን ቃል ይጽፋል፣ ገጹም ያንን ቦታ አውጥቶ ይሰጠዋል።»

«አይሆንም» አሉ ሲስተር።

«ምነው?»

«አንተ አላየህም። ግማሽ ምክር ይዘው ሄደው ልጃቸውን ጎድተው የመጡትን እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው። ከላይ ጀምረው፣ ተረጋግተው ያንብቡት።»

እንዳልክ አልተከራከራቸውም፤ ነገሩ ከፍቅር እንደመጣ ያውቃል። ሲስተር ግን ለራሳቸውም ያልነገሩት ሌላ ምክንያት ነበራቸው። ያን ያህል የደከሙበት ጽሑፍ ተቆራርጦ ሲነበብ ማየት አልፈለጉም።

በዚያው ከተማ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። የሲስተርን ጽሑፍ ትወዳለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ኢዮስያስን ያጠባችውም ያስከተበችውም እሱን እያነበበች ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ልጁ ከምድጃው ሥር በውኃ ፕላስቲክ የተቀመጠውን ነጭ ጋዝ አገኘ። ውኃ መስሎት ጠጣ። ሲስል ነው የሰማችው፤ ዞር ስትል አፉ ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

ትርንጎ ሲስተር ስለዚህ ነገር መጻፋቸውን እርግጠኛ ነበረች። ስልኳን አንስታ ገጹን ከፈተች። እትብት። ጡት። ክትባት። በጣቷ ትገፋለች፣ ገጹ አያልቅም። ልጁ ያስላል። ጎረቤቶች ጩኸቷን ሰምተው ገቡ።

«ወተት አጠጪው!» አለች አንዷ።

«አስመልሺው እንጂ! ጣትሽን ክተቺበት!» አለች ሌላዋ።

ትርንጎ ጥርስ የሚለው ላይ ስትደርስ ስልኩን ወረወረችው። ወተቱን ሰጠችው፤ ጣቷንም ከተተችበት። ልጁ አስመለሰ፤ ሲያስመልስም ጋዙ ወደ ሳንባው ገባ። ሆስፒታል ሲደርስ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ስለ ልጁ ሲነግሯቸው ሲስተር አጸደ ሊጠይቁ ሄዱ። ኢዮስያስ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቷል። እናቱ ገና ሲገቡ አወቀቻቸው፤ ፎቶግራፋቸው ገጹ ላይ አለ። ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«ሲስተር፣ ነጭ ጋዝ ለጠጣ ልጅ ምን እንደሚደረግ ጽፈው ነበር?»

«ጽፌያለሁ፣ ልጄ።»

«ምን ይላል?»

«እንዳያስመልስ ተጠንቀቁ፤ ምንም ሳትሰጡ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት ይላል።»

ትርንጎ ጣቶቿን አየች። «ፈልጌው ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ያላገኘሁት።»

ብትቆጣቸው ይቀላቸው ነበር። ጥፋቱን ለራሷ መውሰዷ አንጀታቸውን በላው።

«አይደለም» አሉና እጇን ያዙ። «አንቺ ፈልገሻል። እንዳታገኚው ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

እቤታቸው እንደገቡ እንዳልክን ጠሩት። መፈለጊያውን ሠራላቸው። ሲስተር «መመረዝ» ብለው ጻፉ፤ ያ ክፍል ወዲያው ወጣ። ደስ አላቸው።

ኢዮስያስ ሳንባው ቀስ በቀስ ተሽሎት ከሆስፒታል ወጣ። ትርንጎ ይዛው ልታመሰግን መጣች። ሲስተር ስልካቸውን ሰጧት።

«በይ፣ ያን ቀን ይህ መፈለጊያ ቢኖር ምን ብለሽ ትጽፊ ነበር?»

ትርንጎ ብዙም ሳታስብ «ልጄ ነጭ ጋዝ ጠጣብኝ» ብላ ጻፈች። ገጹም መለሰ፦ ምንም አልተገኘም።

ሲስተር ስልኩን ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ ሲስተር ገባቸው። እሳቸው ነጭ ጋዝን የጻፉት «ኬሮሲን» ብለው ነው፤ ርዕሱም «ድንገተኛ መመረዝ» ነው።

«ሌላም ጻፊ» አሏት። «ልጅሽ ሲታመም እንደምትዪው አድርገሽ።»

ትርንጎ ጻፈች። «አስቀመጠው» አለች፤ ሲስተር «ተቅማጥ» ብለዋል። «ትን አለው» አለች፤ ሲስተር «በባዕድ ነገር መታነቅ» ብለዋል። «ዓይኑን ሰቀለ» አለች፤ ሲስተር «በትኩሳት መንቀጥቀጥ» ብለዋል። እናቶች ይህንኑ እየጮኹ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ስንት ዘመን ሰምተዋል! ብዕር ሲያነሡ ግን ሁሉንም ረስተውት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሲስተር በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ እየሄዱ ከእናቶች ጋር ይቀመጡ ጀመር። ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ የእናቶቹን ቃል ወስደው ጽሑፋቸው ውስጥ ያስገባሉ። በየክፍሉ አናት ላይም ሰው በድንጋጤ ሲመጣ ቶሎ ማድረግ ያለበትንና ማድረግ የሌለበትን በአጭሩ አስቀመጡ። ረጅሙን ማብራሪያ ከሥሩ አደረጉት፤ ግማሽ ምክር ይዞ የሚሄድ እንዳይኖር ማድረጊያው ይህ ነበር።

ከጊዜ በኋላ አንድ የማያውቁት አባት ከሩቅ አገር ደወለላቸው።

«እማማ፣ ልጄ በረኪና ጠጥታ 'በረኪና ጠጣች' ብዬ ብጽፍ ገጽዎ አታስመልሷት አለኝ። እናቷ ልታስመልሳት ስትል እጇን ያዝኳት። ሐኪሙ ደግ አደረጋችሁ ብሎናል።»

«ልጅቷስ?»

«ይቺውና! ስልኩን ስጠኝ እያለች ታስቸግረኛለች።»

ሲስተር በመስመሩ ላይ የልጅቷን ድምፅ ሰሙ። ምን እንደምትል ባይለዩትም፣ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ አዳመጧት።

ወዳጄ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀውን ከተናገርን ወይም ከጻፍን ድርሻችንን የተወጣን ይመስለናል። የተቸገረ ሰው ግን እኛ ባሰናዳነው ቅደም ተከተል አይመጣም፤ በጭንቀቱ ሰዓት፣ በራሱ ቋንቋ ይመጣል። እውቀታችን የሚጠቅመው በዚያች ሰዓት እጁ ላይ ሲደርስለት ነው። ለዚህም አስቀድመን እሱ እንዴት እንደሚጠይቅ ቁጭ ብለን መስማት አለብን።

እርስዎስ? ዛሬ አንድ የጨነቀው ሰው እርስዎ ዘንድ ያለውን ነገር በራሱ ቃል ቢፈልግ ያገኘው ይሆን?