ጉርሻን ያላስተኛት ዱላ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረቴ የውሻ ነው፣ ደስም አይልም።

ጉርሻ የምትባል የሦስት ወር ቡችላ ነበረች። ባለቤቷ እትዬ ወርቅያንሱ ጧት ወስደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጓት። የእንስሳት ዶክተሯም «ዛሬ ያተኩሳታል፣ ይደክማታል፣ ምናልባት ያስመልሳት ይሆናል። ትተኛ፣ ይለቃታል» አለቻቸው። እውነትም ቤት ስትደርስ አተኮሳት፣ ተንገዳገደች፣ አረፋ አስመለሳት። ምስኪን፣ የፈለገችው ደጃፉ ላይ ጥቅልል ብሎ መተኛት ብቻ ነበር።

ጎረቤት አየና «አበደች!» አለ። ዱላ ከች አለ።

«ኧረ በማርያም፣ አንተ ዱላ፣ ራቅ በል፤ ትተኛበት!» አሉ እትዬ ወርቅያንሱ።

«ማንደፍሮ ካላራቀኝ አልርቅም።»

ዱላው ጉርሻን አላስተኛ አለ።

ዱላውን የያዘው ጎረቤታቸው ማንደፍሮ ነው። አምና የሰባት ዓመት ልጁን ስንዱን ውሻ ነክሷት ሞታበታለች። ውሃ ባየች ቁጥር እየጮኸች ነው የሞተችው፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ማንደፍሮ፣ የእናትህ እኩያ ነኝ፣ ልለምንህ።»

«የእድሩ ዳኛ ካላዘዙኝ አላርቅም፣ እትዬ። ደግሞ ቶሎ ይበሉ፤ እጄ ከዛለ ይወርድባታል።»

ማንደፍሮ ዱላውን አላርቅ አለ፣ ዱላው ጉርሻን አላስተኛ አለ።

ዳኛው ባሻ ጥላዬ ዘንድ ሮጡ። «ተከትባ እኮ ነው፣ ባሻ!» ብለው የክትባት ወረቀቷን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡ። ባሻ አገላበጡት።

«ክብ ማህተሙ የታለ?»

በጥድፊያ ሳያስመቱ ነዋ የመጡት! ያለ ማህተም ደግሞ ወረቀት ምን ዋጋ አለው? ወረቀቱ ዳኛውን አላሳምን አለ፣ ዳኛው ማንደፍሮን አላዝ አሉ፣ ማንደፍሮ ዱላውን አላርቅ አለ፣ ዱላው ጉርሻን አላስተኛ አለ።

ወደ ዶክተሯ ሮጡ። «ማህተም!» አሉ እያለከለኩ። ዶክተሯ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ተራ ይያዙ፣ እማማ። አርባ ውሻ አለብኝ» አለቻቸው። ሰልፉን ለመኑ። ከፊት ትልቅ ውሻ በገመድ የያዘው ሥጋ ሻጩ ደርብ ቆሟል።

«እኛስ ከንጋት ጀምሮ የቆምነው ለጌጥ ነው?» አለ።

ሰልፉ ለዶክተሯ ፋታ አልሰጥ አለ፣ ዶክተሯ ማህተም አልመታ አለች፣ ወረቀቱ ዳኛውን አላሳምን አለ፣ ዳኛው ማንደፍሮን አላዝ አሉ፣ ማንደፍሮ ዱላውን አላርቅ አለ፣ ዱላው ጉርሻን አላስተኛ አለ። እጅ ደግሞ ይዝላል፣ ወገኖቼ!

እትዬ ወርቅያንሱ ተናደዱ። «እሺ፣ ቁሙ! የኔዋን መርፌው ቢያተኩሳት አበደች ብለው ሊገድሏት ነው። የናንተን የማያተኩሰው ይመስላችኋል?»

ደርብ ውሻውን አየ፣ መርፌውን አየ።

«ኧረ ዶክተር፣ ሄደሽ አስረጂያቸው! ሩጪ!»

ሰልፉ ለዶክተሯ ፋታ ሰጠ፣ ዶክተሯ ማህተም መታች፣ አብራም ሮጠች፣ ወረቀቱ ዳኛውን አሳመነ፣ ዳኛው ማንደፍሮን አዘዙ። ማንደፍሮ ግን ዱላውን አላራቀም። ወደ ዶክተሯ ዞሮ ጠየቃት።

«ይኼ መርፌ አምናም ነበር?»

«ነበር።»

«ለተነከሰ ሰውስ?»

«ለሰውም አለ። ሳይውል ሳያድር ከተወጋ ያድናል።»

«እኔ ቅጠል ነው ያጠጣኋት» አለ ማንደፍሮ።

ዱላው ወደ ጎን ወደቀ። ሰውየውም መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ያኔ ጉርሻ ተኛች፤ በማግስቱም ጅራቷን እየቆላች ተነሳች።

ማንደፍሮን ግን ምን ብለን እናጽናናው? ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን ተዉት፣ ዛሬ አፌ አይበላም።